ባለ ሁለት ጭራው አንበሳ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

ዕድሜ ሰባ ስምንት። ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ራሴ አስራለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ትንሽ ይጓጉላል፣ ይበላል። ክኒኔን ማንም አያስታውሰኝም። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጠማማ ነው፣ የራሴ ነው። ልጄ ሮማን ስልኩ ላይ ብትናገር እሱ ይጽፍልሃል አለችኝ። እኔ ለስልክ ሆዴን አልዘረግፍም። ላንተ ነው ደብተር።

ዛሬ ልብስ ማጠቢያ ቤት ወረድኩ። ሮጀር አለ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ፈረንጅ፣ እንደኔ ሚስት የሞተችበት። ወገቡን ይዞ ቆሟል። ቅርጫቱን ልያዝልህ አልኩት። እምቢ አለ፣ ነጠቅኩት። እስከ ቤቱ ተሸከምኩለት። በሩን ከፈተ። ገባሁ።

ግድግዳው ላይ ጋሻ ተሰቅሏል። የእንጨት፣ ቀለም የተቀባ። ቀይ አንበሳ፣ ጭራው ሁለት። ጎኑ ነጭ በትር፣ ጫፉ የተጠማዘዘ። ከሥር ሰማያዊ ሞገድ።

የእድራችን አርማ ነው። የባለቤቴ የዝናሽ መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ራሱ።

ሳልጋበዝ ተቀመጥኩ። ከየት አመጣኸው አልኩት። ከጀርመን አለ። የአያት ቅድመ አያቶቹ አገር፣ የአውራጃቸው አርማ። ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሄዶ እነሱ ሰጡት። የለም፣ ይሄ የኢትዮጵያ ነው አልኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው።

ልብሴን ማሽን ውስጥ ረስቼው ቤቴ ገባሁ። ኋላ ስሄድ አንዱ እርጥቡን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ከምሮታል። ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እሱም ይቆየኝ።


ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ሰይፉን ልንገርህ ደብተር፣ እሱን ካላወቅህ ምንም አይገባህም።

የእድራችን ሊቀመንበር። እዚሁ ሚኒሶታ፣ ከእኔ ራቅ ብሎ ቡርንስቪል ይኖራል። ሰው ኢንጂነር ይለዋል። እሱም ሲባል ዝም ይላል። ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ጀርመን አገር ብዙ ዘመን ኖሯል። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው። እጅጌው ውስጥ እጁን ማስገባት ለድሀ የተወው ይመስል።

አርማ ያስፈልገናል ያለው እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰበሰበን። ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ገተረው። እኔ ነኝ የሣልኩት አለ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ። አንበሳው የይሁዳ። በትሩ የካህናት መቋሚያ። ሞገዱ ዓባይ። አንዷ ሴት ጫፉ ለምን ዞረ አለች። አርት ነው አላት።

እኔ እጄን አወጣሁ። አዲስ አበባ የጭነት መኪና ስነዳ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ፊት ለፊት ቆሜ ስንት ቀን አንበሳ አይቻለሁ። ጭራው ለምን ሁለት ሆነ አልኩ። ሰይፉ አላመነታም። አንደኛው አገር ቤት ላሉት፣ አንደኛው ለእኛ አለ። ቤቱ አጨበጨበ። ከዚያ ማይኩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው። እርስዎ ዝም ብለው ይኩሩበት።»

ሳቁ። ምድር ቤት ስለሆነ ሳቁ ቶሎ አይወጣም። ዝናሽ አጠገቤ ናት። እጄን ጠረጴዛው ሥር ያዘችኝ።

የሚያቃጥለኝን ልንገርህ? ኮራሁበት። እሺ ብዬ ኮራሁ። ዝናሽ ስትሞት የእድሩ ደንብ ነውና ድንጋዩን እነሱ አቆሙ፣ አርማውን ከስሟ በላይ አስቀረጹ። ሐውልቱ የተመረቀ ቀን እኔ ራሴ ለእንግዳው እየዞርኩ አስረዳሁ። ይሄ መቋሚያ ነው። ይሄ ዓባይ ነው። ጭራው እንኳ፣ አንዱ የናንተ ነው አልኩ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣችው ለእህቷ። አለቀሰች።

ለዛሬ በቃ።


ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ሮማን ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ሮጀር ቤት ወጣን። ኩኪስ አቀረበ፣ የገዛ እጁ፣ ጥርስ ይሰብራል። እኔ እጠይቃለሁ፣ ሮጀር ቀስ እያለ ያወራል፣ ሮማን ከኮምፒዩተሩ ታነባለች፣ ትተረጉምልኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄ አውራጃ ድሮ አልነበረም። ሦስት ትንንሽ አውራጃዎች ነበሩ፣ መንግሥት ቀላቀላቸው። አርማ ይውጣ ሲባል የኔ ይግባ፣ የኔ ይቅደም ብለው ተጨቃጨቁ። (ከእኛ እድር በምን ይለያሉ።) በመጨረሻ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ነገር ተወሰደ።

አንበሳው የመስፍን ቤት ምልክት ነው። ጭራው ሁለት የሆነው ከሌላው መስፍን አንበሳ እንዲለይ። ሌላ ነገር የለውም። በትሩ የሴቶች ገዳም ነው፣ የእመምኔቷ። ሞገዱ ወንዝ። ሮጀር ስሙን ነገረኝ፣ ምላሴ አልያዘውም። ትልቅ ነው አልኩት። የለም አለ፣ ላም ትሻገረዋለች። ዓባይ ስንል የኖርነው ይሄን ነው።

እዚያ ላይ ብንነሳ ጥሩ ነበር። ግን ጠየቅኩ። አንበሳው መጀመሪያ ምን ላይ ነበር የሚደረገው? ጦርነት ላይ፣ ባንዲራ ላይ አለ ሮጀር። ሌላስ? ድንበር ድንጋይ ላይ፣ ጎተራ በር ላይ። አንበሳው ያለበት ሁሉ የጌትየው ነው። ገበሬው እህሉን ለአንበሳው ይሰፍራል፣ ከቀረው ለገዳሟ ይሰፍራል። የሮጀር ቅድመ አያት የተረፈው መሬት ለልጆቹ አልበቃ ብሎት ነው እዚህ ሚኒሶታ የመጣው።

ሮማን ይሄን ስትተረጉምልኝ ፊቴን አላየችም። ኮምፒዩተሩን ነው የምታይ።

ዝናሽ የጭሰኛ ልጅ ናት፣ የምንጃር። አባቷ አውድማ ላይ ጤፉን አበራይቶ ሲያበቃ ቆሞ ይጠብቃል። የጌታው ሰው በፈረስ ይመጣል። መጀመሪያ ሲሶው ይሰፈራል፣ ቀጥሎ አስራቱ። እሷና እናቷ ዳር ተቀምጠው የሚተርፈውን ያያሉ። አንድ ዓመት አባቷ መስፈሪያው ተቆልሏል ብሎ ተናገረ። ልጆቹ ፊት ገረፉት። ይሄን የነገረችኝ በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፈች። ከዚያ ወዲያ አንስታው አታውቅም።

ያቺ ልጅ ናት ዛሬ በጌታ ምልክት ሥር የተኛችው። ጎተራ በር ላይ የሚለጠፈው ራሷ ላይ ተለጥፏል። ያስለጠፈባት የተማረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ አስረዳሁ።

ሮጀር ምን ሆነ አላት ሮማንን። ታይርድ ነው አለችው። አልደከመኝም።


ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ከዝናሽ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ለካ ቂም ያስተኛል።

የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ጥቅምት 23 ነው። ጋሻውን ይዤ እገባለሁ። ሌላ ጉዳይ ሲባል እነሳለሁ። ምንም አልናገርም መጀመሪያ። ከፌስታሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆመዋለሁ። ሰው ይየው። ከዚያ ሰይፉን፣ ቀስ ብዬ፣ ኢንጂነር፣ ይሄን ሌሊት እንቅልፍ አጥተህ የሣልከው ከሮጀር አያት በፊት ነው ወይስ በኋላ እለዋለሁ። ፊቱን ነው ማየት የምፈልገው። ኮቱ ከትከሻው ሲወድቅ።

መስታወት ፊት ሞከርኩት። ድምፄ ጥሩ ነው። ስናገር ጠረጴዛውን እይዛለሁ።

ሮጀርን ጋሻውን አውሰኝ አልኩት። አወረደልኝ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገው። ለምንህ ነው አላለም። እኔ ግን ጠየቅኩት። አያቶችህን ያስራበ ሰውዬ ምልክት ነው፣ ለምን ትሰቅለዋለህ? አሰበ። ከዚያ ሰዎቹ ዘራቸው አልቋል አለኝ፣ ቤታቸው ወራሽ አጥቶ ጠፋ። አንበሳው እኛ ጋ ቀረ። እዚያ ጀርመን የድንች በዓል ላይ ልጆች ቲሸርታቸው ላይ ያደርጉታል አለኝ።

አልወደድኩትም። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ወሬ የምሰማበት ቀን አይደለም። አመስግኜ ወጣሁ።


ጥቅምት 16፣ እሑድ

ወደ ዝናሽ መቃብር ነዳሁ። ብርድ ገብቷል። የረገፈውን ቅጠል በማሽን የሚነፋው ሰውዬ ጆሮውን ሸፍኖ ሲነፋ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ሄድኩ። አንበሳውን አላየሁትም፣ ፊቴን አዙሬ ስሟን ብቻ አየሁ።

ከኋላዋ ባለው ረድፍ ወ/ሮ በላይነሽ ተቀምጣለች፣ ታጣፊ ወንበር ይዛ። ልጇ ዲያቆን ነበር፣ መኪና አደጋ ነው የወሰደው። የሱም ድንጋይ ላይ አርማው አለ። እሷ ጓንቷን አውልቃ በጣቷ በትሩን ታሻለች። ከላይ ወደ ታች። ከጥምዝማዙ ጀምራ። ቅርጹ ከመነካት ብዛት አብረቅርቋል፣ አንበሳው ግን እንደ ቆመ ሻክሮ ቀርቷል።

«ጋሼ አያሌው» አለችኝ። «መቋሚያውን አብሬው መቅበር ፈልጌ አልተፈቀደም ተባልኩ። ይሄ ባይኖር ምን እይዝ ነበር።»

ምን ልበላት። የጀርመን እመምኔት በትር ነው ልበላት? ድሀ እህሉን የሚሰፍርለት ነው ልበላት?

ብርድ ነው፣ ግቢ አልኳት። መኪና ውስጥ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ። ሰይፉን የበለጠ ጠላሁት። እሷንም እኔንም በአንድ ገመድ አስሮናል።


ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሮማን ደወለች፣ ከሥራ ብሬክ ላይ። ያሰብኩትን አውቃለች። ዳድ፣ ፕሊስ አለች። ሰይፉ ጉልበቱን ሰርጀሪ አድርጓል፣ በክራንች ነው የሚሄደው፣ ያሳዝናል አለች። ጀርመን የት እንደኖረ ከሚስቱ ጠይቃ ሰምታለች። እዚያው አውራጃ ነው፣ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ የጥገኝነት ወረቀቱን የሰጡት ቢሮ በር ላይ አንበሳው ነበር። ስለዚህ ያውቃል። ሳያውቅ አይደለም ያደረገው። ይሄን የነገረችኝ እንዳዝንለት ነው። እኔ ደግሞ ስፈልገው የነበረው ይሄንኑ ነው።

ለምን አደረገው ታዲያ አልኳት። አላውቅም አለች። ምናልባት ወረቀት ያገኘበት ስለሆነ ቆንጆ መስሎት አለች። ቆንጆ ከመሰለው የራሱ መቃብር ላይ ያድርገው አልኩ። ዘጋች። እኔ ነኝ የዘጋሁት።


ጥቅምት 23፣ እሑድ፣ ምሽት

ልጻፈው።

ጋሻውን በፌስታል ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰይፉ በክራንች ገባ። ሰው ሁሉ ተነሳለት። ሪፖርት፣ ምርጫ፣ የክረምት ድንኳን። ሌላ ጉዳይ ተባለ። እጄን አወጣሁ። ተነሳሁ።

ፊት ለፊት ወንበር ላይ ወ/ሮ በላይነሽ። ጥቁር ለብሳለች። ደረቷ ላይ የእድሩ ፒን፣ አንበሳና በትር። ዞራ አየችኝ። ፈገግ አለችልኝ፣ በርታ እንደማለት። ጥያቄ ይዤ መናገር የፈራሁ መስሏታል።

ከኋላዋ ደግሞ ሌሎቹ አሉ። ባላቸውን የቀበሩ፣ እናታቸውን የቀበሩ፣ ሁሉም ከሥሩ አንበሳ ያለው። አንድ ሰይፉን ለማዋረድ ስንት መቃብር ልቆፍር ነው?

ረሳሁት አልኩ።

ሰይፉ ማይኩን ጠጋ አደረገ። «ችግር የለም አባባ። ሲያስታውሱ ይንገሩን።»

ሳቁ። ያው ምድር ቤት፣ ያው ሳቅ። ዘንድሮ እጄን የሚይዝ የለም።

ውጪ፣ ፓርኪንግ፣ የመኪናውን ኋላ ከፍቼ ላስገባው ስል ፌስታሉ ተቀደደ። ጋሻው አስፋልቱ ላይ ወደቀ። በፊቱ ቢወድቅ ምን ነበር። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንጋለለ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው የክራንች ጫፍ አየሁ። ሰይፉ። ብቻውን። ሚስቱ መኪና ልታመጣ ሄዳለች።

ጋሻውን አየ። እኔን አየ። የፈለግኩትን ፊት አየሁ ደብተር። ተመልካች ግን አልነበረውም።

«ከየት አመጡት?»

«ከባለቤቱ።»

ዘጋሁ፣ ገባሁ፣ ነዳሁ። ቀይ መብራት ጥሼ ይሆናል።


ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ሽማግሌ ላከ። ሁለት ናቸው፣ የማውቃቸው፣ ከእኔ ታናናሽ። ሙዝ ይዘው መጡ፣ ታማሚ ጥየቃ ይመስል። ሰይፉ አስቀይሜያቸዋለሁ፣ አስታርቁኝ ብሏቸዋል። በምን እንዳስቀየመኝ አልነገራቸውም። ለአስታራቂ እንኳ እውነቱን አልተናገረም። እኔም አልነገርኩም። እሱን ብዬ አይደለም፣ የበላይነሽን ጣት ብዬ ነው።

እታረቃለሁ አልኳቸው፣ እንደ ጥንቱ ከሆነ። ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ በዚህ በር ይግባ፣ እግሬ ላይ ይውደቅ፣ ድንጋዩን እኔ ላንሳለት። ጉልበቱ ተቀዶ እንዴት ይወድቃል አሉ። ይዳን፣ እጠብቃለሁ አልኩ። ኤሊቬተር ባለበት ቤት ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባ ሰው ሴኩሪቲ ይይዘዋል አለ አንደኛው። ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅኩም።

ያን ጊዜ ሁለተኛው፣ ዝም ያለው፣ ሙዙን እየላጠ ተናገረ።

«አያሌው፣ በዚያ ክረምት ዝናሽን ዲያሊሲስ ማን ነበር የሚያመላልሳት?»

ደብተር፣ ይሄን አልጻፍኩልህም ነበር። ዓይኔ ሞራ ተገፎ መንዳት የተከለከልኩ ጊዜ ነው። ሮማን የጧት ሽፍት ነበረች። ሰይፉ ነው። ከቡርንስቪል እዚህ ኒው ሆፕ ድረስ፣ በበረዶ፣ መኪናውን አስቀድሞ አሙቆ። ብርድ ልብስ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። እሷ ስትመለስ ያቅለሸልሻታል። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ አስመለሰች። ምንም አላለም አለችኝ፣ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

በሩን ከፈትኩላቸው። ሙዙን ትተው ሄዱ። ያ መኪና ያቺን ልጅ ተሸክሟል፣ ያው ሰውዬ በኋላ አንበሳውን ጫነባት። ሁለቱን አንድ ቦታ ማስቀመጥ አልቻልኩም። ቢያንስ ክፉ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በሰው ውለታ ተይዞ መጥላት ደግሞ መጥላት አይደለም፣ መበደር ነው።


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ፣ ጧት 2 ሰዓት

ትናንት ዝናሽ ጋ ሄድኩ። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ስላልነበረ። መስፍኑን፣ ገዳሟን፣ ላም የምትሻገረውን ዓባይ። ከዚያ አንበሳውን ቀና ብዬ አየሁት። መፋቅ ይቻላል ብለውኛል የመቃብሩ ቢሮ ሰዎች። አላስፍቀውም። ጌትየው ዘሩ አልቋል። እሷ ልጅ አላት፣ እኔ አለሁ፣ ስሟ ከሥሩ ተጽፏል። አሁን የሷ ነው። ጭራዎቹም የሷ ናቸው። የሰይፉ ግን አይደለም። ይሄን ልዩነት እሱ ሳያውቅ አልሞትም።

ጋሻውን ለሮጀር መለስኩ። አስፋልቱ ጫፉን ቧጭሮታል። አሳየሁት። ኢትስ ኦኬይ አለ። ኦኬይ አይደለም፣ ቀለም እገዛለታለሁ።

ሮማን ደውላ ነበር። ሰይፉ ፊዚካል ቴራፒ ጀምሯል፣ ክረምቱን ሙሉ አለበት። ሚስቱ ጧት ሥራ ናት። ሰው እየለመነ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። በራሴ እጅ የምጨርሳቸው ዕዳዎች፣ ከቀላሉ ልጀምር፦

ሮጀር። ቀይ ቀለም፣ ቀጭን ብሩሽ። የሱን ኩኪስ ደግሞ አንድ ጊዜ ሳልናገር መብላት።

ልብሴን እርጥቡን ያወጣው የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ። የሱን ልብስ አወጣለሁ። አጥፌ፣ በመልክ በመልኩ አድርጌ አስቀምጥለታለሁ። ይፈር።

ሌክ ስትሪት ያለው ሥጋ ሻጭ፣ አባባ ይሄ ጥርስ ይፈልጋል ያለኝ። ጥርሴን አድርጌ እሄዳለሁ።

በላይነሽ። ምንም። እስክሞት ምንም አልነግራትም። ይሄም ዕዳ ነው፣ ከሁሉ ይከብዳል።

ሰይፉ። ሰኞ ጧት ቡርንስቪል በሩ ላይ ነኝ። እምቢ ካለ ጎረቤቱ እስኪወጣ ክላክስ አደርጋለሁ። ይገባል። ክራንቹን ከኋላ አስቀምጥለታለሁ፣ ቀበቶውን አስርለታለሁ፣ መኪናው ሞቆ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያውን ቀን ዝም። ሁለተኛውንም ዝም። እሱ ቢያወራም ዝም። እሷን ያመላለሰበት መንገድ በሙሉ እስኪመለስለት ድረስ አንድ ቃል አይወጣኝም፣ ቢያለቅስም አይወጣኝም። ከዚያ ተከፍሎ ያለቀ ለት፣ በማግስቱ፣ ያው ሰዓት እመጣለሁ። ያን ቀን ምንም የሱ ነገር የለብኝም። ሃይዌዩ ላይ እስክንወጣ እጠብቃለሁ፣ በር የማይከፈትበት ቦታ። ከዚያ ሬዲዮውን አጠፋና፣ ኢንጂነር፣ አንበሳው የማን እንደሆነ እያወቅህ ለምን ዝናሽ ላይ ጫንክባት እለዋለሁ።